መጀመሪያ የተነሳችው

ሶስና ስትቀመጥ ወንበሩ ሞቅ አለ። አወቃት ማለት ነው። ከመደገፊያው ጫፍ ያለችው፣ ከሽምብራ ፍሬ የማትበልጠው መብራት አረንጓዴ ሆነች። ከዚህ በኋላ ገለጻው እስኪያልቅ መነሳት የለም። ማስነጠስ ይቻላል። እግር ማነባበርም ይፈቀዳል። ዓይንን ከገላጩ ላይ አንስቶ መቆየት ግን መብራቷን ቢጫ ያደርጋታል። ቢጫው ከሰነበተ አመድማ ይሆናል፤ አመድማ የሆነ መብራት ደግሞ ያን ቀን ተመልሶ አይበራም። ከወንበሩ የተነሳ ሰውማ ቢጫም አያይም፤ ወዲያው አመድ ነው።

አዳራሹ በባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ ላይ በተሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። እዚያ በየዓመቱ ከገና በፊት የሥራ ትርኢት ይከፈታል፤ ከትርኢቱ አስቀድሞ አሠሪዎች እየተራ ስለራሳቸው ይናገራሉ። የሶስና እናት ስታወራ፣ ድሮ ገለጻ የሚሄደው የፈለገ ሰው ነበር፤ ውሃና ብስኩትም ይሰጡ ነበር። አሁን በትርኢቱ በር የሚገባው ገለጻዎቹን አንድም ሳያስቀር ተቀምጦ የሰማ ብቻ ነው። አሠሪዎቹ በእርግጥ ሰው ይቀጥሩ እንደሆነ መጠየቅ ነውር ሆኗል። አልፎ አልፎ የሚቀጥር አይጠፋም። ነገር ግን የአሠሪነት ፈቃድ የሚታደሰው በአድማጭ ብዛት ስለሆነ የሚቀጥረውም የማይቀጥረውም ይናገራል።

ሶስና ያን በር የምትፈልገው ለሥራ አልነበረም። ሥራውን ተስፋ ካደረገች ቆይታለች፤ ተስፋውን ካቆመችም እንዲሁ። ሥራ ያላገኘ ዲግሪ ዕድሜ አለው። በትርኢቱ በር ያለፈ ሰው ለአንድ ዓመት ይታደስለታል፤ ያላለፈ ይሞትበታል። የሚባለውም እንደዚያ ነው፣ «ሞተበት» ነው የሚሉት፤ ነፍስ ይማር እያሉ የሚቀልዱም አሉ። ዲግሪው የሞተበት ሰው ከምሩቃን ሕንፃ ይወጣል። የሶስና አንዲት ክፍል እዚያ ሕንፃ ላይ ናት። የልጇ ትምህርት ቤትም የዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት በነጠላ ጫማ ወርዳ ትማራለች።

ዲግሪዋን ያገኘችው በጆሮዋ ነው። ልጅ አዝላ፣ ልብስ እያጠበች፣ የሰው ቤት እየጠረገች የተቀዳ ትምህርት ስትሰማ ኖራ፣ ፀጉሯ ሸበት ሲል ጨረሰች። አንድም አስተማሪ በአካል አይታ አታውቅም። ስለዚህ መስማት አይከብዳትም። የሚከብዳት ሌላ ነው፤ ምን እንደሆነ ግን ስም አላወጣችለትም።

«እትዬ ሶስና፣ ዛሬ ማን ነው?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ትርንጎ። ትርንጎ ገና ሃያዎቹን ያልተሻገረች ልጅ ናት። የአያት ስም እንደገና ፋሽን ሆኖ፣ የእሷ እኩዮች ሁሉ ትርንጎ፣ ደምሴ፣ ውዴ ናቸው።

«ፍንጥቅ አቅርቦት ነው። የመጨረሻው።»

«ወይኔ! እነዚያ ቤተሰብ ነን የሚሉት?»

«ሁሉም ቤተሰብ ነን ይላሉ።»

«እነሱ ግን ያለቅሳሉ። አምና ገላጩ እንባውን ዘረገፈው። ሲያለቅስ ፊትሽን ካዞርሽ ወዲያው ቢጫ ነው።» ትርንጎ ከቦርሳዋ ትንሽ ሚጥሚጣ በጣቷ ጫፍ ነክታ ከምላሷ ሥር አደረገች። እንቅልፍ የምትከለክለው በዚህ ነው። «ልስጥሽ?»

«ጾም ላይ ነኝ።»

«ሚጥሚጣ ሥጋ ነው እንዴ?»

«ሰዓቱ አልደረሰም ልጄ።»

ትርንጎ ሳቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዘንድሮ ሰው ይልካሉ አሉ። ሰምተሻል?»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ሽማግሌ። ወይ እርጉዝ። ማን እንደሚያስተውል ሊያዩ ነዋ። አንዱ ልጅ ለወደቀች ሴትዮ ዕቃዋን አንስቶላት እዚያው ተቀጠረ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሰው!»

መብራቱ ደበዘዘና ገላጩ መድረኩ ላይ ብቅ አለ። ከብርሃን የተሠራ መልከ መልካም ሰው ነው፤ ሃያ አምስትም ሃምሳም ሊሆን ይችላል። አዳራሹን በፍቅር ተመለከተ። እያንዳንዱ ሰው እኔን ነው ያየው እንዲል ሆኖ ተሠርቷል።

«ውድ እንግዶቻችን» አለ። «ፍንጥቅ ድርጅት አይደለም። ፍንጥቅ ቤት ነው።»

ሶስና ጆሮዋን ሰጠችው። የራሷ ዘዴ አላት። ቅዳሴ እንደምትሰማው አድርጋ ትሰማለች፤ ቃሉ ሁሉ ባይገባትም፣ ሐሳቧ ቢሄድባትም፣ ሳትጣላው ቀስ ብላ ትመልሰዋለች። ልዩነቱ እዚያ የሚሰማው ቆሞ ነው። እግሯ ሲደክም ጎኗ ያሉት እናቶች መቋሚያ ያውሷታል፤ እሷም ተደግፋ ትመልሳለች። እዚህ ማንም አይቆምም፤ ድካሙ ግን ከዚያኛው ይብሳል። ከዚያኛው ደክማ ስትወጣ ቀልሏት ነው፤ ከዚህ ተቀምጣ ውላ ስትወጣ አጥንቷ ሁሉ የሰው ዕቃ የተሸከመ ይመስላታል።

ገላጩ ስለ ራእይ እየተናገረ ሳለ የጎን በር ተከፈተ።

ማንም ዞሮ አላየም፤ ዞሮ ማየት ቢጫ ነው። ወለሉ ላይ ግን እንጨት ሲመታ ተሰማ። ጠቅ፣ ዝም፣ ጠቅ። የመቋሚያ ድምፅ ነበር። ሶስና ያሰበችው ነገር የለም። ጉልበቷ ቀድሟት ተዘረጋ፤ ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሰብሰብ አድርጋ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ «ኖር!» አለች።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ግራጫ ካፖርት ለብሰዋል፤ ዓይናቸው የጭጋግ ቀለም ይዟል። ድምፁን ወደሰሙበት ዞር ብለው በደመ ነፍስ መለሱ፤

«በእግዜር! በእግዜር፣ ተቀመጪ ልጄ።»

ሶስና ልትቀመጥ ዞር ስትል መብራቷን አየችው። አመድ ሆኗል።

በዚያች ቅጽበት የታያት ቤቷ በር ኋላ የተሰቀለው የልጇ የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው። ሌላ ምንም አልታያትም።

ትርንጎ በሚጥሚጣ የቀላ ዓይኗን ከሽማግሌው ወደ ሶስና፣ ከሶስና ወደ ሽማግሌው አመላለሰች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ ቅናት አለፈ።

«አወቅሽበት!» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ብድግ ብላ በሙሉ ድምፅዋ «ኖር!» ስትል ከኋላዋ ያለው ልጅ ተከተላት። ከእሱ ኋላ ያሉ ሁለት ሴቶችም እንዲሁ። «ኖር! ኖር አባባ!» ወንበሩ ሁሉ እየተንኳኳ አዳራሹ ከነረድፉ ተነሳ፤ ያላየው ያየውን ተከትሎ፣ ለምን እንደተነሳ የማያውቀውም አብሮ። መብራቶቹ ንፋስ እንደገባበት ጧፍ ተራ በተራ ጠፉ።

ገላጩ «ቤት ማለት» አለና አፉን ከፍቶ ቀረ። የሚሰማው ሰው አልነበረም። ገላጭ ሲያቆም ከዚያ በፊት ያየ ሰው በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ እጁን እንደዘረጋ፣ ፈገግ እንዳለ፣ ዓይኑ ማንንም ሳያይ ቆሟል።

ሽማግሌው ወደ ቀኝ ዞረው በእግዜር፣ ወደ ግራ ዞረው በእግዜር ይላሉ። የሚጨርሱት አልሆነም።

«አባባ፣ እኔ ጋ ይምጡ!»

«ኧረ እኔ ነኝ ቀድሜ የተነሳሁት!»

«ካፖርታቸውን አትጎትተው አንተ!»

ከረባት ያደረገ ወጣት ሰዉን ጥሶ ደረሰና እጅ ነሳ። «ከየትኛው ክፍል ነዎት ጌታዬ? ከሰው ኃይል?»

«እኔ?» አሉ ሽማግሌው። «ከላይ ሰፈር ነኝ። ከውሃ ታንከሩ ጎን።»

«ማለቴ በፍንጥቅ ውስጥ?»

«ፍንጥቅ ምንድን ነው?»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ወደየወንበሩ ዞሮ አመዱን አየ፤ ሳቁም በዚያው ጠፋ።

«ሽማግሌው አስጨረሱን!»

«እሳቸው ምን አደረጉ? እሷ ናት የጀመረችው። እዚያ፣ ነጠላ ያደረገችው።»

ሰዉ ሶስናን ከበባት። «ምን አይተሽ ነው የተነሳሽው?» አላት ከረባት ያደረገው።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ተነሳሽ?»

ሶስና መልስ ፈለገች። የምታውቀው አንድ ብቻ ነበር። «ሰው ገባ» አለች።

«ሰው ገባ!» አለ ወደሌሎቹ ዞሮ። «ሰማችሁ? ሰው ገባ ብላ!»

ክርክሩ ሳያልቅ ከጣሪያው የሴት ድምፅ መጣ። ረጋ ያለ ድምፅ ነው፤ የባቡር መዘግየት የምትናገረውም እሷ ናት። አድማጭ ባለመኖሩ ገለጻው እንዳልተካሄደ ይቆጠራል አለች። ነገ ጠዋት፣ ትርኢቱ ከመከፈቱ በፊት፣ እንደገና ይሰጣል። ከእንግዳ መግባት ጋር የተያያዘ ምንም ዓይነት ፈተና የለም። የተቀመጠ ይቀመጥ፤ የቆመ ይቁም። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።

ሰዉ እፎይ ብሎ ተበተነ። ሶስናም እፎይ አለች፤ ሌላው ሁሉ ባይነሳ ኖሮ የእሷ ዲግሪ ብቻ ይሞት ነበር። ያተረፏት ፈተና መስሏቸው የተነሱት ናቸው። ነገሩ ደስ ሊላት ሲገባ አላላትም።

ማታ ልጇ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ ሶስና ወደ ምሥራቅ ዞራ ቆመች። ዳዊቷን ደገመች፤ ሐሳቧ ግን አዳራሹ ውስጥ ቀርቷል። ትርንጎ ስለሚላከው ሽማግሌ የነገረቻት ከመነሳቷ ትንሽ ቀደም ብሎ ነበር። ሰምታለች። መስማትማ ሥራዋ ነው። ታዲያ የተነሳችው ሰው ስለገባ ነው ወይስ ሰው ይልካሉ ስለተባለ? ጉልበቴ ነው ብትል ጆሮ የሰማውን ጉልበት አይሰማም ወይ? ቀን ሰዎቹ ሲጠይቋት የመለሰችው እውነት መስሏት ነበር፤ አሁን ግን እርግጠኛ አይደለችም። «አንተ ታውቃለህ» አለች በመጨረሻ።

«ማን ነው የሚያውቀው?» አለች ልጅቷ ከደብተሯ ቀና ሳትል።

«ጨርሰሻል?»

«አንድ ቀርቶኛል።»

በማግስቱ ወንበሩ ሞቅ አለ፤ መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ትርንጎ ሚጥሚጣዋን ይዛ «እትዬ፣ እግርሽን በነጠላሽ ልሰርልሽ እንዴ?» አለቻት። ፊት ለፊት ያሉት ዞረው ሳይስቁ አዩዋት። «ዛሬ ብትነሺ አንከተልሽም፤ ቁርጡን እወቂ» አለ ከረባት ያደረገው።

ገላጩ መጣ። «ውድ እንግዶቻችን፣ ፍንጥቅ ድርጅት አይደለም» አለ፤ ትናንት አፉን ከፍቶ የቀረ አይመስልም።

ቤት ማለት ምን እንደሆነ ሊናገር ሲል የጎን በር ተከፈተ።

ጠቅ። ዝም። ጠቅ።

አዳራሹ ሁሉ ደረቀ። ሰዉ ዓይኑን ገላጩ ላይ ቸነከረ። ሶስና በሁለት እጇ የወንበሩን ጎን ያዘች። ጉልበቷ እንደ ትናንቱ ሊዘረጋ ሲል ታወቃት፤ የልጇ ቦርሳም ቤቷ በር ኋላ ታያት። ሁለቱም እኩል ከበዱ። መቀመጫዋ ከወንበሩ ለቀቅ ሊል፣ አፏም ሊከፈት ነበር፤ በዚያው ቅጽበት ከበሩ በኩል የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

«በእግዜር» አሉ። «በእግዜር፣ በእግዜር። አትነሱ ልጆቼ።»

የተነሳ ሰው አልነበረም። ያልተሰጣቸውን ክብር አመስግነው፣ ያልተነሳውን ሰው ተቀመጡ ብለው፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ጥግ ላይ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ቆሙ። ሶስና ወንበሯ ላይ ተመልሳ ከበደች። መብራቷ አረንጓዴ ነው። ገላጩ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች፤ ወንበሩ ያን ለገላጩ ቆጥሮላት ሞቀ።

ሲያልቅ ሰዉ እንደ ጎርፍ ወደ ትርኢቱ ወጣ። ሶስና ሽማግሌውን በዓይኗ ፈለገች፤ ግፊያው ግን ይዟት ሄደ።

በትርኢቱ በር ላይ ሰልፉ ከወትሮው ይልቅ ቀስ ይላል። ፊት ያሉት አንዳች ነገር እያሉ ነው የሚገቡት። ስትቀርብ ሰማችው። ሰው በሩ ፊት ሲደርስ፣ በሩ ለስላሳ በሆነ የወንድ ድምፅ፣ «ኖር!» ይላል። ከዚያ ይጠብቃል። ሰውየው «በእግዜር» ሲል ይከፈታል። ከበሩ ወዲያም ከየድንኳኑ ኖር፣ ኖር፣ ኖር ይሰማል።

«ሌሊቱን ነው የጨመሩት» አለች ትርንጎ፤ ሁሉን ቀድማ የምታውቅ ልጅ ናት። «አዳራሹ የዘንድሮን ትልቁን የልብ ምት የመዘገበው ትናንት፣ ኖር ስንል ነው አሉ። እትዬ፣ ቃልሽን ወሰዱት እኮ! ማስከፈል ነበረብሽ።» ተራዋ ደርሶ «በእግዜር!» ብላ በፈገግታ ገባች።

«ኖር!» አለ በሩ ለሶስና።

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ነበር። አልወጣላትም።

በሩ ጠበቀ። በላዩ ያለችው መብራት ወደ ቢጫ አዘነበለች።

«ኧረ በይው!» አለ ከኋላዋ አንዱ። «አንድ ቃል ናት!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሶስና።

በሩ ትንሽ አሰበ። የሚፈልገው የሰው ድምፅ ነበር መሰል፣ ወይም ሰልፉ ረዝሞበት፣ ተከፈተ። «ዲግሪዎ ለአንድ ዓመት ታድሷል» አለ። እሷም ገባች፣ በየድንኳኑ አለፈች፣ በሌላው በር ወጣች። ዘንድሮም የቀጠረ አልነበረም፤ ከሰዓት በኋላ የተቀጠሩትን ዝርዝር ማንም አልጠየቀም።

ባቡሩ ግማሹ ባዶ ነበር። ሶስና መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አሳረፈች። ሊንቀሳቀስ ሲል ደረጃው ላይ እንጨት መታ።

ተነሳች። «ኖር፣ አባባ።»

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆም አሉ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ድምፁን አዳመጡና ፊታቸው ፈታ አለ። «በእግዜር። አንቺ ነሽ አይደል? የትናንቷ?»

«ትናንት ሁሉም ተነስቷል።»

«ሁሉምማ ተነሳ። መጀመሪያ የተነሳችው ግን አንዲት ናት፤ ዓይኔ ቢደክም ጆሮዬ ደህና ነው። የአንቺ ሳይታሰብ ወጣ። የሌሎቹ ታስቦ።» እጇን ይዛ አስቀመጠቻቸው። «በኋላ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ፤ መነሳት ያስቀጣል ለካ። ዛሬ ስገባ፣ ያች ልጅ ደግሞ ትነሳና በእኔ ጦስ ትቀጣለች አልኩ። ስትነሺ አላይሽም። ስለዚህ ቀድሜ መለስኩልሽ።»

ሶስና ከላይ የተንጠለጠለውን መያዣ ይዛ ቆመች። ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ለመሆኑ እርስዎ ምን ያመላልስዎታል?» አለች። «ወንበር እንኳ አይሰጡዎትም።»

«ዕድሜዬ አልፏል፤ ቆሞ የሚሰማን ግን አይከለክሉም። ቤት ማን ያናግረኛል? እዚህ ውድ እንግዶቻችን ይላል። እኔንም ጨምሮ ነው ብዬ እወስደዋለሁ።»

«አሁን የትርኢቱ በር ኖር ይላል፣ አባባ።»

«ማን?»

«በሩ። ሰው ሲገባ ኖር ይላል።»

ሽማግሌው አሰቡበት። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ከልባቸው ሊገባቸው ሞከሩ።

«በሩ?» አሉ በመጨረሻ። «ከየት ተነስቶ?»

ሶስና ሳቀች። የገለጻው ወራት ከገባ ወዲህ ሳቋን ራሷም አልሰማችውም ነበር፤ ፊት ለፊት ያሉት ሰዎች ዞረው እስኪያዩአት ሳቀች። ሽማግሌውም ምን እንዳሳቃት ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

«ተቀመጪ እንጂ» አሉ ጎናቸውን እየዳሰሱ። «ቦታ አለ።»

«ልቁም፣ አባባ። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እሰማለሁ።»

እሳቸውም ስለ ላይ ሰፈር ማውራት ጀመሩ። ሶስና ቆማ ሰማች። ወንበሩ የባቡር ወንበር ነው፤ መብራት የለውም።